ኤኳዶር፣ ደቡብ ፔሩ ወይስ ቦሊቪያ? የአንዲስ ተራሮችን በአውቶብስ ለሚያቋርጡ ጥንዶች

ከባለቤቴ ጋር መጀመሪያ የተኮራረፍነው ከሊማ ወደ ኩስኮ በሚወጣ የሌሊት አውቶብስ ላይ ነው። ናዝካን ካለፍን በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይጠማዘዝ ጀመር፣ መስኮቱ በትንፋሽ ታፈነ፣ እሱ ፌስታል ይዞ አጎነበሰ። ትኬቱን ስንቆርጥ "አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከፍታ ምን ያደርገዋል?" ያልኩት እኔ ነበርኩ። ኩስኮ ስንገባ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ሁለት ቀን አልጋ ላይ ዋለ። እኔም አብሬው ዋልኩ፣ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ የእኔንም ራስ ይፈልጠው ጀመር።

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከአዲስ አበባ ከወጣን አሥር ዓመት አልፎናል። ለካ ሰውነት የለመደውን ከፍታ ቆላ ሲወርድ በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሰናል፣ አንዴ ኤኳዶር አንዴ ቦሊቪያ። አሁን የሚያውቁን ጥንዶች ይደውሉና "ሦስት ሳምንት ፈቃድ አለን፣ የቱ ይሻላል?" ይላሉ። ስልክ ላይ መልሱ አያልቅም። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። የአስጎብኚ ወይም የአውቶብስ ድርጅት ስም አልጠራም፤ የዛሬ ጥሩ ድርጅት ለከርሞ ሾፌር ይቀይራል።

የማወዳድራቸው ሦስት መንገዶች እነዚህ ናቸው፦

- ኤኳዶር፦ ኪቶ፣ ኦታቫሎ፣ ኪሎቶዋ፣ ባኞስ፣ ከዚያ ወደ ጫካው ፑዮ ወይም ቴና፣ መጨረሻ ኩዌንካ።
- ደቡብ ፔሩ፦ ሊማ፣ አሬኪፓ፣ ኩስኮና ከሥሩ ያለው ሸለቆ፣ ከዚያ ወደ ጫካው ፖርቶ ማልዶናዶ።
- ቦሊቪያ፦ ከቲቲካካ ሐይቅ ተነስቶ ላ ፓዝ፣ ኮሮይኮ፣ ጫካው ሩሬናባኬ፣ ከዚያ የኡዩኒ የጨው ሜዳ።

ሦስቱንም በሦስት ሳምንት እንጠርጋቸው የምትሉ ካላችሁ አልከለክልም። ግን የምታስታውሱት የመናኸሪያ ሽንት ቤት ብቻ ይሆናል።

## መጀመሪያ መለኪያው

የሚታይ ነገር እንደ መለኪያ አልቆጠርኩም። ሦስቱም ጋ ተራራ፣ ገበያ፣ የድሮ ቤተ ክርስቲያንና አራዊት አለ። ጉዞ የሚበላሸው በሌላ ነገር ነው። በተለይ ሁለት ሰው ሲጓዝ ጉዞው የሚለካው ከሁለቱ በቶሎ በሚደክመው ነው፣ እሱ ካልተኛ ማንም አይተኛም።

የምትተኙበት ከፍታ። ቀን ምን ያህል ወጣችሁ ሳይሆን ማታ የት ትተኛላችሁ ነው ጥያቄው። ሐኪሞች የሚሉት ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የመኝታችሁ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እረፉ ነው። ከተሞቹን በእኛ አገር ብመዝናቸው፦ አሬኪፓ 2,335 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ በሉት። ኪቶ 2,850 ነው፣ ደብረ ብርሃን። ኩስኮ 3,400 ነው፣ ከእንጦጦ ጫፍ በላይ ሆቴል ይዛችሁ እንደማደር። ላ ፓዝ 3,600 አካባቢ ነው። ከላ ፓዝ በላይ ያለችው ኤል አልቶ ደግሞ 4,150፤ ራስ ዳሸን ጫፍ ለመድረስ 400 ሜትር የቀራት፣ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት።

አውቶብስ ላይ ስንት ሌሊት ታድራላችሁ። አንድ ሌሊት ጀብዱ ነው። ሦስተኛው ግን ጠብ ነው።

ጫካው ምን ያህል ይርቃል፣ ስትደርሱስ ምን ታያላችሁ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ገንዘብ፣ ወረቀትና የተዘጋ መንገድ። እነዚህን በየአገሩ እነግራችኋለሁ። ከእነሱ መሀል ሰው የሚንቀው የመጨረሻውን ነው። ሦስቱም አገር ሕዝቡ ሲቆጣ መንገድ ይዘጋል፣ ድንጋይና ጎማ ተደርድሮ አውቶብስ አያልፍም። ኤኳዶር በ2019 እና በ2022 ታግታ ነበር። ፔሩ በታኅሣሥ 2022 ፕሬዚዳንት ካስቲዮ ከሥልጣን ከተነሱ በኋላ ደቡቡ ተዘጋግቶ የኢንካዎቹ ጥንታዊ ከተማ ማቹ ፒቹ ራሱ በጥር 2023 ለጎብኚ ተዘግቷል። ቦሊቪያ ደግሞ ይሄን እንደ ባህል ይዛዋለች። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

## ኤኳዶር፦ አጭር መንገድ፣ ረጅም እንቅልፍ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱ ጥንዶች ብዙ ጊዜ የምመክረው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም የሌሊት አውቶብስ አያስፈልግም። ከኪቶ ኦታቫሎ 2 ሰዓት ነው። ከኪቶ ባኞስ ሦስት ሰዓት ተኩል። ከባኞስ ፑዮ አንድ ሰዓት ተኩል። ረጅሙ ከባኞስ በሪዮባምባ በኩል ኩዌንካ የሚወስደው ነው፣ 7 ወይም 8 ሰዓት፣ እሱም በቀን ያልቃል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ በአውቶብስ ለአንድ ሰዓት መንገድ አንድ ወይም አንድ ተኩል ዶላር አስቡ።

አውቶብሱ ራሱ ምቾት አለው አልልም። የኪቶው የደቡብ መናኸሪያ ኪቱምቤ ይባላል፣ የሰሜኑ ካርሴሌን፤ ኦታቫሎ ልትሄዱ ኪቱምቤ ከሄዳችሁ ግማሽ ቀን ከተማ ውስጥ ቀለጠ ማለት ነው። መንገድ ላይ ሻጭ ይገባል፣ ይወርዳል፣ ሌላ ይገባል። አንዱ ስለ ኩላሊት መድኃኒት ለሃያ ደቂቃ ሰበከን። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ የከተማ ስም ይጮኻል። ዓይኔን ስጨፍን መርካቶ ነበርኩ።

ገንዘቡ ዶላር ነው፣ ከ2000 ጀምሮ። ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው ምንዛሪ የሚባል ጣጣ የለም። ግን ዝርዝር ያዙ። የ50 ዶላር ኖት ለሱቅ ሰው ስትሰጡት እንደ ሐሰተኛ ነው የሚያያችሁ። አሜሪካ ውስጥ ማንም የማይነካው የአንድ ዶላር ሳንቲም እዚያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ታገኙታላችሁ። ምሳ "አልሙዌርሶ" ይባላል፣ ሾርባ፣ ዋና ምግብና ጭማቂ ያለው፤ በ3 ዶላር አካባቢ ትጠግባላችሁ።

ከፍታው ቀስ ብሎ ይለማመዳል። አየር ማረፊያው ከከተማው ዝቅ ብሎ 2,400 ሜትር ላይ ስለሆነ በመጀመሪያው ሌሊት እዚያው አቅራቢያ ማደር ይቻላል። ከኪቶ ቀጥሎ የኪሎቶዋ ሐይቅ ዳር አለ፣ 3,900 ሜትር የሚደርስ የእሳተ ገሞራ አፍ። ብርዱ ውርጭ ነው። ሐይቁን በጠዋት አይታችሁ ወደ ታችኞቹ መንደሮች፣ ቹግቺላን ወይም ኢሲንሊቪ፣ በእግር ብትወርዱ ይሻላል። ከጉዟችን ሁሉ ደስ ያለኝ ያ ቀን ነው፤ የባቄላ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ አጥር ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ከኋላችን የሚከተለን የማን እንደሆነ ያላወቅነው ውሻ።

ጉድለቱስ? ጸጥታው። በጥር 2024 መንግሥት ከወሮበላ ቡድኖች ጋር "የውስጥ የትጥቅ ግጭት" ላይ ነኝ ብሎ አውጇል። የባሰው በባሕሩ ዳር ነው፣ ጓያኪልና ኤስሜራልዳስ። እኔ ያልኩት መንገድ ደጋውን ይዞ ስለሚሄድ ከዚያ ይርቃል፣ ግን በሌሊት አትንቀሳቀሱ፣ ከመሄዳችሁ በፊትም የሰሞኑን ዜና እዩ።

## ደቡብ ፔሩ፦ ሁሉም የሚፈልገው

እውነቱን እንነጋገር። አብዛኛው ሰው አንዲስ የሚለው ማቹ ፒቹን አስቦ ነው። እንግዲያውስ ፔሩ ሄዳችሁ ትገላገላላችሁ። ጥያቄው እንዴት ነው ኩስኮ የምትገቡት?

ከሊማ ኩስኮ በቀጥታ ከ20 ሰዓት በላይ ነው፣ ወደ 1,100 ኪሎ ሜትር። ከባሕር ወለል ተነስታችሁ፣ 4,000ን የሚያልፍ ጫፍ ረግጣችሁ፣ 3,400 ላይ ትወርዳላችሁ። የእኛ ስህተት እሱ ነበር። አውሮፕላንም ቢሆን ሰውነትን አያታልልም፣ እንዲያውም በአንድ ሰዓት ከዜሮ 3,400 መግባት ነው። የሚሻለው በአሬኪፓ መዞር ነው፦ ሊማ፣ ከዚያ በበረሃው ኢካና ናዝካ፣ ከዚያ አሬኪፓ ሦስት ሌሊት፣ ከዚያ ወደ ኩስኮ 10 ሰዓት ገደማ። ሁለት ሦስት ቀን ይጨምርባችኋል። የጨመረባችሁን ቀን ግን ኩስኮ ላይ ከበሽታ ታተርፉታላችሁ።

ሌላ የሚሠራ ዘዴ አለ። ኩስኮ ስትደርሱ እዚያ አትተኙ። በዚያው ቀን በሚኒባስ ወደ ሸለቆው ውረዱ። ኦያንታይታምቦ 2,790 ሜትር ነው። ሁለት ሦስት ሌሊት እዚያ ተኝታችሁ፣ ማቹ ፒቹን አይታችሁ (እሱ ራሱ 2,430 ነው፣ ሰው እንደሚያስበው ከፍ ያለ አይደለም)፣ ከዚያ ኩስኮን በመጨረሻ ብትዟዟሩት ደረጃው አይገድላችሁም።

ማቹ ፒቹ ለመድረስ ሰው በብዛት የሚይዘው ሁለት መንገድ ነው። ባቡሩ ውድ ነው፣ ምቹ ነው፣ ትኬቱ ያልቃል፣ እናም አስቀድማችሁ ያዙ። ርካሹ ከኩስኮ በሚኒባስ በሳንታ ቴሬሳ አድርጎ ሂድሮኤሌክትሪካ የሚባለው ቦታ ድረስ 6 ወይም 7 ሰዓት፣ ከዚያ ሐዲዱን ተከትሎ 10 ኪሎ ሜትር በእግር ነው። እግሩ ቀላል ነው፣ ሜዳማ ነው፣ ጥላ አለው። ሚኒባሱ ነው ጭንቅ። መንገዱ ጠባብ፣ ገደሉ በመስኮት በኩል። ባለቤቴ ጋቢና ተቀመጠ፣ እዚያ አይዞርብኝም ብሎ፤ ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል። "ከኋላ ያላችሁት አላያችሁም" አለ። በቃ። ስንመለስ በባቡር ተመለስን።

የፔሩ ረጅም አውቶብሶች ከሦስቱ አገር የተሻሉ ናቸው፣ ይሄን ያለ ማጋነን ነው የምላችሁ። ባለ ሁለት ፎቅ፣ የታችኛው ወንበር ወደ አልጋ የሚጠጋ "ካማ"፣ የላይኛው "ሴሚ ካማ"። አንዳንዱ ድርጅት ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱን ተሳፋሪ በቪዲዮ ይቀርጻል፣ ለጸጥታ። የላይኛው ፎቅ የፊት ወንበር ዕይታው ድንቅ ነው፣ ግን ከፊታችሁ መስታወት ብቻ ነው ያለው። ለሌሊት ታች ተቀመጡ። ቦርሳችሁን ከራስ በላይ አታድርጉ፣ እግራችሁ ሥርም አታድርጉ፤ ማንገቻውን እግራችሁ ላይ ጠምጥሙ። የእኔ ጫማ፣ አዎ ጫማ፣ ከወንበሬ ሥር ጠፍቶ ጠዋት በካልሲ ወርጃለሁ።

ከኩስኮ ወደ ፑኖና ቲቲካካ 6 ወይም 7 ሰዓት ነው። ጊዜ ካላችሁ አማንታኒ ደሴት ላይ ሰው ቤት እደሩ። ቤተሰቦቹ እንግዳ በተራ ይቀበላሉ፣ መብራቱ ደካማ ነው፣ ብርድ ልብሱ እንደ ጆንያ ይከብዳል። ጎረቤቷ ታኪሌ ላይ ሹራብ የሚሠሩት ወንዶቹ ናቸው፣ እየሄዱ እንኳ ይሠራሉ። ባለቤቴ ሊሞክር ፈልጎ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ሳቀበት።

## ቦሊቪያ፦ ርካሽ፣ ከፍ ያለ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ

ከፑኖ ወደ ላ ፓዝ ስትሄዱ ኮፓካባና ታልፋላችሁ። ከዚያ ቲኪና የሚባል የሐይቁ ጠባብ አንገት ላይ ሁሉም ከአውቶብስ ይወርዳል። ሰው በትንሽ ጀልባ ይሻገራል፣ አውቶብሱ ባዶውን በእንጨት ታንኳ ላይ ተጭኖ እያዘመመ ይከተላል። ሻንጣችን ያለው እዚያ ውስጥ ነበር። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው።

በዚህ መንገድ መግባት ለሰውነትም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም በቲቲካካ 3,800 ላይ ለምዳችኋል። በአውሮፕላን ከሆነ ኤል አልቶ የምታርፉት ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ በሩ ላይ ኦክስጅን የሚቀርብላቸው ሰዎች አይተናል። በቀጥታ ከሜሪላንድ ወይም ከቴል አቪቭ ተነስታችሁ እዚያ መውረድ አልመክርም።

ላ ፓዝን ወደድኳት። ከ2014 ጀምሮ ከተማውን ከላይ የሚያቋርጡ በገመድ የሚሄዱ መኪኖች አሏት፣ "ቴሌፌሪኮ"፣ አንዱን መስመር በ3 ቦሊቪያኖ። አዲስ አበባ ላይ በሰልፍ የቆመ ሰው ያቺን ሲሳፈር ምን እንደሚሰማው ለእናንተ ልተወው። ኑሮው ከሦስቱ ሁሉ ርካሽ ነው። ገንዘቡ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ ከ2023 ጀምሮ አገሪቱ የዶላር እጥረት ገብቷት የባንክና የመንገድ ዋጋ ተራርቀው ነበር። ይህ ለእኛ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ያልታጠፈ፣ ያልተጻፈበት የዶላር ኖት ይዛችሁ ሂዱ፣ የዕለቱን ዋጋ የአልጋ ቤቱን ባለቤት ጠይቁ።

የኡዩኒ የጨው ሜዳ ከላ ፓዝ በሌሊት አውቶብስ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነጭ። ከጥር እስከ መጋቢት ውኃ ሲተኛበት መስታወት ይሆናል፣ ግን በዚያን ጊዜ የተወሰነው መንገድ ይዘጋል። ሦስት ቀን በጂፕ የሚወስደውን ጉዞ የምትይዙ ከሆነ ሁለተኛው ሌሊት ብዙ ጊዜ 4,300 ሜትር አካባቢ፣ ማሞቂያ የሌለው ቤት ውስጥ ነው። የተለመደው የመኝታ ከረጢት አይበቃም። እኛ አንድ ርካሽ አስጎብኚ ይዘን የጂፑ ጎማ ሁለቴ ፈነዳ፣ መለዋወጫው አንድ ነበር። አራት ሰዓት ጨው ላይ ቆምን። ከመክፈላችሁ በፊት "ስንት መለዋወጫ ጎማ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሳቁባችሁም አልሳቁባችሁም።

አንድ ለእኛ የሚሆን ነገር። ጥቁር ሰው ስትሆኑ ቦሊቪያ ደጋ ላይ አንዳንዱ ሰው እናንተን ሲያይ ጎኑ ያለውን ሰው ቆንጠጥ ያደርጋል፣ "ሱዌርቴ" ይላል፤ ዕድል ያመጣል ተብሎ ነው። ባለቤቴ ይስቃል። እኔ አልስቅም፣ ሁለቴ ቆጣ ብያለሁ። ከኮሮይኮ አጠገብ ቶካኛ የሚባል የአፍሮ ቦሊቪያውያን መንደር አለ፤ በባርነት የመጡ አፍሪካውያን ዘሮች ናቸው፣ ኮካና ቡና ያመርታሉ። እዚያ ማንም አይቆነጥጥም፣ የት አገር ናችሁ ብለው ቡና ያወጡላችኋል።

## ጫካው ለብቻው

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ቅርብ የሆነው ጫካ ብዙ አራዊት ያለበት ጫካ አይደለም።

ከባኞስ ፑዮ በ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,800 ወደ 950 ሜትር ትወርዳላችሁ። ፏፏቴ በፏፏቴ ነው፣ በብስክሌት የሚወርዱትም ብዙ ናቸው። ስትወርዱ ሹራብ አንድ በአንድ ይወልቃል። ግን የፑዮና የቴና ዙሪያ መንገድና እርሻ የገባበት ነው። ወንዙን፣ ካካዎውን፣ ኪችዋ የሚባሉትን የአገሩን ነባር ቤተሰቦች ለማየት ጥሩ ነው። ትልልቅ አራዊት ለማየት አይደለም።

ፖርቶ ማልዶናዶ ከኩስኮ 10 ሰዓት ነው። አውቶብሱ መጀመሪያ ከ4,700 ሜትር በላይ ይወጣል፣ ከዚያ 200 ሜትር እስኪደርስ ይወርዳል፤ በአንድ ቀን ከውርጭ በደጋ፣ በወይና ደጋ፣ በቆላ ማለት ነው። ከተማው ላይ ማደር ጥቅም የለውም። በጀልባ ወደ ታምቦፓታ ጥብቅ ደን ውስጥ ገብታችሁ ሎጅ ስትይዙ ነው ጉዳዩ። በማለዳ የወንዝ ዳር ጭቃ ሊልሱ የሚመጡ በቀለም ያበዱ ማካው በቀቀኖች አሉ። ዋጋው ከሦስቱ ይወደዳል፣ ግን ምግብ፣ ጀልባና አስጎብኚ አብሮ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ አልፎ አልፎ "ፍሪያሄ" የሚባል ቅዝቃዜ ከደቡብ ይመጣና ጫካ ውስጥ ጃኬት ያስለብሳል፣ እንዳትገረሙ።

ሩሬናባኬ ለአራዊትና ለኪስ የሚያስታርቀው ነው። ከከተማው ወጥቶ የያኩማ ወንዝ ላይ ሦስት ቀን "ፓምፓስ" የሚባለውን ጉዞ ስትይዙ ሣር ምድር ስለሆነ አራዊቱ አይደበቁም፦ ካይማን አዞ፣ ካፒባራ የሚባለው ግዙፍ አይጥ መሳይ እንስሳ፣ ጦጣ፣ ሮዝ ዶልፊን። ማዲዲ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ጥቅጥቁ ደን ነው፣ እዚያ ብዙ ትሰማላችሁ፣ ጥቂት ታያላችሁ። ችግሩ መድረሻው ነው። ከላ ፓዝ በአውቶብስ ከ12 ሰዓት ጀምሮ፣ ዝናብ ከሆነ እስከፈለገው። ዝነኛው "የሞት መንገድ" በ2006 በተከፈተው አዲስ መንገድ ተተክቷል፣ አሁን ብስክሌተኞች ናቸው የሚወርዱበት፤ ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ኩርባም ቀልድ አይደለም። በረራ አለ፣ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ ዝናብ ከጣለ ይሰረዛል። ከዚህ ጫካ ማግስት ዓለም አቀፍ በረራ አትያዙ።

ለሦስቱም፦ የአሸዋ ዝንብ አለ። እኛ አገር ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ቁስል እዚያም በእሷ ይተላለፋል። ረጅም እጅጌ ልበሱ፣ አጎበር ፈትሹ፣ ስለ ወባ መድኃኒት ሐኪም ጠይቁ።

## በአንድ ገጽ

| መለኪያ | ኤኳዶር | ደቡብ ፔሩ | ቦሊቪያ |
|---|---|---|---|
| የተለመደ የመኝታ ከፍታ | 1,800–2,900 ሜትር | 2,300–3,800 ሜትር | 3,600–4,300 ሜትር (ከጫካው በቀር) |
| የሌሊት አውቶብስ | አያስፈልግም | 1–3 ሌሊት | 2–3 ሌሊት |
| የአውቶብስ ጥራት | መካከለኛ | ጥሩ | እንደ ዕድል |
| ጫካ ለመድረስ | ከባኞስ 1 ሰዓት ተኩል | ከኩስኮ 10 ሰዓት | ከላ ፓዝ 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ |
| አራዊት የማየት ዕድል | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ከፍተኛ፣ በተለይ ፓምፓስ |
| ገንዘብ | ዶላር | ሶል | ቦሊቪያኖ፣ ጥሬ ዶላር ያዙ |
| የቀን ወጪ | መካከለኛ | ማቹ ፒቹ ያንረዋል | ዝቅተኛ |
| ዋናው ስጋት | ጸጥታ፣ በውቅያኖሱ ዳርቻ | ከፍታና ሌባ | ከፍታና የተዘጋ መንገድ |
| ጥሩው ወቅት | ደጋው ከሰኔ እስከ መስከረም | ከግንቦት እስከ መስከረም | ከግንቦት እስከ ጥቅምት |

## ወረቀት

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለሦስቱም ቪዛ ያስፈልገዋል። ግሪን ካርድ ወይም የአውሮፓ መኖሪያ ካላችሁ ቆንስላውን ጠይቁ፣ ሊቀል ይችላል። የአሜሪካ ፓስፖርት ለፔሩና ለኤኳዶር ቪዛ አይጠይቅም። ቦሊቪያ ግን ከ2007 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ አሜሪካውያንን ስታስከፍል የኖረች ናት፣ ደንቧም ይቀያየራል፤ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አጣሩ።

ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የምትነሱ ከሆነ ቢጫ ካርዷን ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ በተለይ ቦሊቪያ። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ውሰዱ። ከ2016 ወዲህ አንዱ መርፌ ለዕድሜ ልክ ተብሎ ይቆጠራል፣ የድሮ ካርዳችሁን አትጣሉ።

## እንግዲህ ማን የቱን ይያዝ?

ሁለት ሳምንት ብቻ ካላችሁ፣ ወይም አንዳችሁ መኪና የሚያዞረው ሰው ከሆነ፦ ኤኳዶር። አታስቡበት።

የሠርግ ዓመታችሁን ልታከብሩ ከሆነና ገንዘብ ካለ፦ ፔሩ፣ በአሬኪፓ በኩል፣ ባቡር በሁለቱም አቅጣጫ፣ ታምቦፓታ ሦስት ሌሊት። ሌላውን ቆጥቡ፣ ሎጁ ላይ አትቆጥቡ።

በጀቱ ጠበብ ያለ፣ ጊዜው ግን አንድ ወርና ከዚያ በላይ ከሆነ፦ ቦሊቪያ፣ በፑኖ በኩል ገብታችሁ። ከየአምስት ቀኑ አንዱን ባዶ ተዉት፣ መንገድ ሲዘጋ ትጠቀሙበታላችሁ። ሲዘጋም ከአውቶብሱ ወርዳችሁ የተዘጋውን በእግር አልፋችሁ ወዲያ ማዶ ሌላ መኪና መያዝ የተለመደ ነው። ሻንጣ ከሆነ የያዛችሁት ትለቅሳላችሁ፣ የጀርባ ቦርሳ ያዙ።

ከ60 ዓመት በላይ የሆናችሁ፣ ወይም የልብና የሳንባ ችግር ያለበት ካለ፦ ሐኪም መጀመሪያ፣ ከዚያ ኤኳዶር። ኩዌንካ 2,560 ሜትር ላይ ናት፣ ሜዳ ናት፣ ለመራመድ ትመቻለች። ዳያሞክስ የሚባለው የከፍታ መድኃኒትም ያለ ሐኪም አይወሰድ፣ የሰልፋ አለርጂ ያለበት ሰው በተለይ።

የምትጾሙ ከሆነ፦ ሦስቱም ይቻላል፣ ግን ቃሉን ልቅም አድርጋችሁ ተናገሩ። "ሲን ካርኔ"፣ ያለ ሥጋ፣ ብላችሁ ዶሮ ይመጣላችኋል፣ ዶሮ እዚያ ሥጋ አይደለችም። ሾርባው ውስጥ አይብ አለ። እኔ በጾም ወቅት በድንች፣ በኪኑዋ፣ በአቮካዶና በተቆላ በቆሎ ነው የኖርኩት። የተቆላ ባቄላ ደግሞ ገበያ ሁሉ አለ፤ ቆሎ ነው፣ ልክ እንደ ቤት፣ ጨው ትንሽ ሲበዛበት።

አንዳችሁ ጫካ አንዳችሁ ከተማ የምትሉ ከሆነ፦ ላ ፓዝን መነሻ አድርጋችሁ አንዱ በአውሮፕላን ሩሬናባኬ ደርሶ ይመለስ። እኛ አንዴ አድርገነዋል። በአራተኛው ቀን ስንገናኝ ሁለታችንም የምናወራው አላጣንም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ለአሜሪካም ለገልፍም ለሚመለሱ። የፔሩና የቦሊቪያ ደጋ ላይ የኮካ ቅጠል ሻይ በየሆቴሉ ይቀዳላችኋል፣ እዚያ ሕጋዊ ነው፣ ራስ ምታቱንም ያቀላል ይላሉ። ግን ከጠጣችሁ በኋላ የሽንት ምርመራ ኮኬይን ሊያሳይ ይችላል፣ ለሥራ ምርመራ ያለበት ሰው ያስብበት። ሻይዋን ይዞ መውጣት ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም፣ አንዲት ከረጢትም ብትሆን። እኔ ከኩስኮ ልንነሳ የጃኬቴን ኪስ ስፈትሽ ሁለት አገኘሁ፣ ከቁርስ ጠረጴዛ ሳላስበው የከተትኳቸው። በረራዬ ዱባይን የሚነካ ቢሆን ኖሮ ብዬ ክው አልኩ። መስኮቱ ላይ ትቻቸው ወጣሁ።